የተወጋ እንዲረሳ

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይላል ያገሬ ሰው። አብዛኛውን ጊዜ ይቺን ተረት የምንጠቅሳት ለማስፈራሪያ ነው፤ «ቆይ ብቻ፣ ቀን ይወጣል» ዓይነት። እኔ ግን ሰሞኑን ሳመነዥካት የታየኝ ሌላ ነው። ተረቷ የምትነግረን ስለ አንድ ትልቅ በደል ነው። የወጋው ሰውዬ ወግቶ ሲያበቃ ራቱን በልቶ ይተኛል። የተወጋው ግን ቁስሉ ሳያንሰው ትዝታውንም ዕድሜ ልኩን ተሸክሞ እንዲዞር ተፈርዶበታል። መሆን የነበረበትስ የተገላቢጦሹ አልነበረም? ወጊው ሲያስታውስ ይደር፤ የተወጋው ይረፍ።

የዛሬው ጨዋታችን በዚህ ላይ ነው። ክፉ ትዝታን «ሂድ ከዚህ» ብሎ ማባረር ይቻላል? ቢቻልስ ሰው ይድንበታል ወይስ ውስጥ ውስጡን ይታመምበታል? ጥያቄው የዩኒቨርሲቲ ክፍል ውስጥ የሚነሳ ሊመስላችሁ ይችላል። እኔ ግን የማነሳው ለፍኖተ ሰላም፣ ለቡሬና ለዙሪያቸው ገጠር ብዬ ነው።

«ደህና ነን»

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ባሕር ዳር በአውቶቡስ የሄደ ሰው መንገዱን ያውቀዋል። ደምበጫ፣ ጅጋ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ማንኩሳ (አዎ፣ የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ዋ ማንኩሳ)፣ ከዚያ ቡሬ። ቡሬ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ እንጅባራና ባሕር ዳር ይወጣል፣ ሌላው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምቴ ይወርዳል። በቆሎው፣ ጤፉና በርበሬው የሚታፈስበት ምዕራብ ጎጃም ማለት ይሄ ነው። የፍኖተ ሰላም ስም ደግሞ በግዕዝ «የሰላም መንገድ» ማለት ነው።

በዚች የሰላም መንገድ በተባለች ከተማ ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በፍልሰታ ጾም፣ በዕለተ እሑድ ሞት ከሰማይ ወረደ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀ ገና ዘጠኝ ቀኑ ነበር። የአየር ጥቃት ነው በተባለው በዚያ ፍንዳታ ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውንና ከ50 በላይ መቁሰላቸውን አንድ የሆስፒታል ኃላፊ ለውጭ ዜና ወኪሎች ተናግረዋል። በዚያው ሰሞን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በደብረ ብርሃን የመኖሪያ አካባቢዎች ላይ በደረሰ ድብደባ ሰላማዊ ሰዎች መጎዳታቸውን የሚያመለክት ታማኝ መረጃ እንደደረሰው ገለጸ። ከአምስት ወር በኋላ ደግሞ፣ ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ እዚያው መንገድ ላይ ወደ ባሕር ዳር በምትቀርበው መራዊ ቢያንስ 45 ሰላማዊ ሰዎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን ኮሚሽኑ አረጋገጠ። በየገጠሩ፣ የማንም መግለጫ ባልደረሰበት ጎጥ፣ በዚህኛውም በዚያኛውም ታጣቂ እጅ ያለፈውን ሰው ቁጥር ፈጣሪ ይወቀው።

ኢንተርኔቱ ለብዙ ወራት ተዘግቶ፣ ስልኩም እየመጣ እየሄደ በነበረበት ጊዜ አዲስ አበባ ያለን የጎጃም ዘመዶችና ወዳጆች የምንሰማት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች። «ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ እናንተስ?» በቃ። አንድ ወዳጄ እናቱን ሲያነጋግር አጠገቡ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። «እማዬ፣ ሰፈር ውስጥ ምን ተፈጠረ?» ይላል። «ምንም የለ ልጄ። አንተ በልተሃል?» ትላለች። ስልኩ ሲዘጋ «ለምን አትነግረኝም?» ብሎ ተበሳጨ። እኔ በሆዴ «ምናልባት ለራሷም እየነገረችው አይደለም» አልኩ።

እዚህ ላይ ነው ሁለት ሰፈር የምንሆነው። አንዱ ሰፈር «እርሳው፣ ቻለው፣ ሆድ ይፍጀው» ይላል። ሌላው ሰፈር ደግሞ (በተለይ የተማረውና ፌስቡክ ላይ ያለው) «አይቻልም! የታፈነ ነገር ይፈነዳል፤ ተናገሩ፣ አውጡት፣ አንረሳም!» ይላል። ሁለቱም ሰፈር በራሱ በጣም እርግጠኛ ነው። ሳይንሱ ግን ለሁለቱም ሙሉ ድል አልሰጠም።

ነጭ ድብና የአእምሮ ፍሬን

እ.ኤ.አ. በ1987 ዳንኤል ዌግነር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቹ ተማሪዎችን ሰብስበው «ለአምስት ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳታስቡ፤ ካሰባችሁ ደወሉን ምቱ» አሏቸው። ደወሉ ሲያንቃጭል ዋለ። የባሰው ቀጥሎ መጣ። «አሁን እንደልባችሁ አስቡ» ሲባሉ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ከተፈቀደላቸው ተማሪዎች ይልቅ ቀድሞ የተከለከሉት ላይ ድቡ በብዛት ጎረፈባቸው። (እናንተም ሞክሩት። ይህን አንቀጽ እስክትጨርሱ ስለ ዶሮ ወጥ እንዳታስቡ። ጾም ላይ ያላችሁ፣ ይቅርታ!) ከዚያ በኋላ ለዓመታት የብዙዎች ድምዳሜ «ሐሳብን ማፈን ከንቱ ነው፣ ተመልሶ ይመጣል» የሚል ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ2001 ግን ማይክል አንደርሰንና ኮሊን ግሪን ሌላ ነገር ሞከሩ። ሰዎች ጥንድ ጥንድ ቃላት አጠኑ። ከዚያ አንደኛዋ ቃል ስትታያቸው፣ አንዳንዴ ጥንዷን እንዲያስታውሱ፣ አንዳንዴ ደግሞ ቃሏን እያዩ ጥንዷ ወደ ሐሳባቸው እንዳትገባ እንዲከለክሉ ታዘዙ። ደጋግመው የከለከሏትን ቃል በኋላ «አስታውሱ፣ ገንዘብ እንሰጣችኋለን» ሲባሉ እንኳ ከሌሎቹ ይበልጥ ረስተዋት ተገኙ። እንግዲህ አእምሮም እንደ መኪና ፍሬን አለው ማለት ነው።

«ታዲያ ቃል ከሰው ሞት ጋር ምን አገናኘው?» ብትሉ እውነታችሁን ነው። ለዚህ ነው የፓሪሱን ጥናት ማየት ያለብን። ኅዳር 13 ቀን 2015 (እ.ኤ.አ.) በፓሪስ በደረሰው የሽብር ጥቃት 130 ሰዎች ተገደሉ። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ከዚያ እልቂት የተረፉ ከመቶ በላይ ሰዎችን አጠኑ። ግማሽ ያህሉ ያ ቀን በቅዠትም በቀንም የሚመላለስባቸው ነበሩ (ሐኪሞች ፒቲኤስዲ የሚሉት ሕመም ነው)። የቀሩት ያንኑ አይተው ሕይወታቸውን ቀጥለዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ውጤት እንዲህ ይላል፤ ደህና የሆኑት ያልተፈለገ ሐሳብን የሚያቆመው ፍሬናቸው እንደማንኛውም ሰው ይሠራል፣ በታመሙት ላይ ግን ደክሟል። ሕመማቸው የበረደላቸው ሰዎች ፍሬንም አብሮ ማገገሙን የሚያሳይ ተከታይ ጥናት በ2025 ወጥቷል።

ሌላም ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2023 ዙልካይዳ ማማትና ራሱ አንደርሰን ከ16 አገሮች የተውጣጡ 120 ሰዎችን ለሦስት ቀን አሠለጠኑ። ግማሾቹ የሚያስፈሯቸውን ነገሮች ለማስታወስ በአንዲት ቃል እያዩ፣ ምስሉ ወደ ሐሳባቸው እንዳይገባ መከልከልን ተለማመዱ። እንደ ነጭ ድቡ ይጎርፍባቸዋል ተብሎ ሲፈራ ፍርሃቱ ደበዘዘ፣ ስሜታቸውም ተሻሻለ። ይበልጥ የተጠቀሙት ደግሞ ቀድሞውኑ በጭንቀት የተጎዱት ናቸው።

ስለዚህ የወዳጄን እናት «አምቃ ልትፈነዳ ነው» ብሎ ለመደምደም አትቸኩሉ። ምናልባት ፍሬኗ እየሠራ ነው። ልጇን «በልተሃል?» ብላ ስትጠይቅ ከአንድ ክፉ ስፍራ ሕይወቷን እየነጠቀች ሊሆን ይችላል።

ታዲያ «ቻለው» ይበቃል?

እዚህ ላይ የ«እርሳው» ሰፈር እንዳያጨበጭብ። ገና አልጨረስኩም።

የሥነ ልቦና ሰዎች ለየት አድርገው የሚያዩት አንድ ዓይነት ሰው አለ። ስትጠይቁት «እኔ? ምንም አልሆንኩም» ይላል፤ የጭንቀት መጠይቅ ሲሰጠው ዝቅተኛ ነጥብ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ1979 ዌይንበርገርና ባልደረቦቹ እንዲህ ያሉትን ሰዎች በመሣሪያ ሲለኳቸው ግን አፋቸው «ሰላም ነኝ» እያለ ሰውነታቸው የተጨነቀ ሰው ምልክት አሳየ። እኛ ሀገር ይህን ሰው ለመፈለግ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። «ሙያ በልብ ነው» ተብሎ ያደገ፣ ወንድ ልጅ አያለቅስም የተባለ የጎጃም ጎልማሳ በየቤቱ አለ። አባታችሁን አስቡ።

እነዚህ ሰዎች ክፉ ሐሳብን በማፈን ጎበዞች ናቸው? እ.ኤ.አ. በ2006 ኤልኬ ኼራርትስና ባልደረቦቿ ፈተኗቸው። እዚያው ክፍል ውስጥ ሲፈተኑ ከሁሉም የተሻሉ ሆኑ። ቤታቸው ሄደው ለሰባት ቀን ማስታወሻ ሲይዙ ግን ያ የሚያስጨንቃቸው ሐሳብ ከሌሎቹ ይበልጥ የተመላለሰባቸው እነሱው ናቸው። ፍሬን ረግጦ የቆመን መኪና አስቡት። እግር እስኪዝል ነው።

የሁለቱ ልዩነት ምንድነው ትሉኝ ይሆናል። እኔ እንደገባኝ፣ የ2023ቱ ሠልጣኞች የሚያስፈራቸው ምን እንደሆነ ስሙን ጽፈው፣ ፊት ለፊት ቃሏን እያዩ ነበር ምስሉን የሚከለክሉት። የነገሩን መኖር አልካዱም። «ምንም አልሆንኩም» ባዩ ሰው ግን ነገሩ መኖሩንም አያምን። አንዱ «አውቅሃለሁ፣ ዛሬ ግን አትገባም» ይላል፤ ሌላው «በሩ ላይ ማንም የለም» ይላል።

«ያለህን ሁሉ አውጣው፣ ይቅለልህ» የሚለው ምክርም ቢሆን ያለ ልክ ሲሆን መዘዝ አለው። በእንግሊዝ ሀገር የመኪና አደጋ የደረሰባቸው ሰዎች ወዲያው ሆስፒታል ውስጥ ሆነው የሆነውን ሁሉ እንዲዘረዝሩ ተደርጎ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ሲታዩ መጀመሪያ ላይ ክፉኛ ተጨንቀው የነበሩት ዝርዝሩን ካልተጠየቁት መሰሎቻቸው የባሰ ሁኔታ ላይ ተገኙ። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ከዚያ ወዲህ «ከአደጋ የተረፈን ሰው ወዲያው አስገድደህ አታናዝዘው» የሚለው ምክር በዓለም ላይ ተቀባይነት አግኝቷል።

ሚዛኑን ደህና አድርጎ ያሳየኝ የጆርጅ ቦናኖ ጥናት ነው። መስከረም 11 ቀን 2001 (እ.ኤ.አ.) ኒው ዮርክ ስትመታ ገና ኮሌጅ የገቡ ተማሪዎችን ተከታተለ። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ የተሻለ የሆኑት ስሜታቸውን መግለጥም መደበቅም የሚችሉት ናቸው። እንደ ቦታው፣ እንደ ጊዜው። ፍሬኑም ነዳጁም በእጃቸው የሆነ ሰዎች በሉት።

ለቅሶ ቤት የሚያውቀው

እነሆ ኒው ዮርክ ድረስ ሄደን ያገኘነው ነገር ፍኖተ ሰላም ካለ ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲጠብቀን ኖሯል!

ለቅሶ ቤታችንን ልብ ብላችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? መርዶ በዘፈቀደ አይነገርም። ሽማግሌዎቹ ሌሊት ተጠራርተው፣ ማን ይንገር ተባብለው፣ ገና ሳይነጋ ይመጣሉ። ከዚያ ሰው እስኪበቃው ያለቅሳል፣ ደረት ይመታል። አልቃሿ ሙሾ ታወርዳለች። የሟቹን ጀግንነት፣ ደግነት፣ የትውልድ ሐረግ እየጠራች እሷ ትናገራለች። የሐዘንተኛው አፍ ቢዘጋ እንኳ ቃል አይታጣም፤ ሌላ ሰው ተሸክሞለታል። ደግሞ ጥግ ላይ ካርታ የሚጫወቱ፣ ወሬ የሚያወሩ፣ አልፎ አልፎ የሚስቁ አሉ። «እንዴት ለቅሶ ቤት ይሳቃል?» የሚል ካለ ነገሩ አልገባውም፤ ሳቁም የሥራው ክፍል ነው። ሐዘንተኛው ለአምስት ደቂቃም ቢሆን ከሐሳቡ እንዲወጣ ነው የተቀመጡት። ሐዘኑ ሲበዛ ደግሞ አንድ ትልቅ ሰው ተነስተው «በቃ፣ በቃ አሁን» ይላሉ። ውሃ ይመጣል፣ ፊት ይታጠባል፣ ንፍሮ ይቀርባል።

ከዚያ ሰልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። ካህኑ በክርስትና ስሙ እየጠሩ ይጸልዩለታል። በሙስሊም ወገኖቻችን ዘንድም ሦስት ቀን የሚቀመጥ ተዕዚያ፣ የሚደረግ ዱዓ አለ። ይህ ሁሉ የትዝታ የጊዜ ሰሌዳ ነው። በእነዚህ ቀኖች ታስታውሳለህ፤ በቀሩት ቀኖች ግን አርሰህ፣ ዘርተህ፣ ገበያ ሄደህ ብትረሳ ማንም አይወቅስህም። ለማስታወስ ፈቃድ፣ ለመርሳትም ፈቃድ። አማርኛችን ለዚህ አንድ ድንቅ አባባል አለው፤ «እርሙን አወጣ» ይባላል። እርሙን ያላወጣ ሰው ግማሽ ልቡ እንደተንጠለጠለ ይቀራል። ያወጣ ሰው ደግሞ የመርሳት መብት አለው።

እንግዲህ ጦርነቱ የነጠቀው ምን እንደሆነ አሁን ግልጽ ይሆናል። መንገድ ሲዘጋ ከጅጋ ደምበጫ ለቅሶ መድረስ ሕይወት የሚያስከፍል ጉዞ ይሆናል። ስልክ ሲቋረጥ መርዶ ያለ ሽማግሌ፣ በወሬ ወሬ፣ ከወር በኋላ ይደርሳል። ሰው መሰብሰብ በሚያስፈራበት ጊዜ ድንኳን አይጣልም። ሟቹ የማን ወገን ነበር የሚለው ጥያቄ ሲመጣማ አልቃሿም አፏን ትዘጋለች። ስለዚህ በየቤቱ እርሙን ያላወጣ ሰው ተቀምጧል። እርሱን ሰው ነው እኛ «እርሳው» የምንለው። ወይም «አንርሳ» እያልን የምንነዘንዘው።

በሀገራችን ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ1969 እና 1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ልጆቻቸው የተገደሉባቸው እናቶች እንዳያለቅሱ ይከለከሉ ነበር፤ አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ እንዲከፍሉ የተጠየቁም አሉ። ለቅሶው በሆድ ቀረ። የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም መስቀል አደባባይ ላይ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ። በእነዚያ ሠላሳ ዓመታት ሙዚየሙ ማን ነበር? እናትየዋ ናት። ፎቶውን በሳጥን፣ ሸሚዙን በነጠላ ጠቅልላ፣ ቀኑን በልቧ ይዛ።

ጎጃምም የራሱ አለው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብርን ተቃውሞ ገበሬው ሲነሳ የንጉሡ መንግሥት ጦር ከመላክ አልፎ በአውሮፕላን መንደር ደበደበ። በኋላ አገረ ገዥው ተነሱ፣ ውዝፉም ግብር ተማረ። ከእኛ ከከተማ ልጆች መካከል ይህን የሚያውቅ ስንቱ ነው? ከሰማይ የሚወርድ ሞት ለጎጃም ገጠር አዲስ አለመሆኑን የሚያውቁት አያቶች ብቻ ናቸው። ሀገር ያልመዘገበውን ሽማግሌ ይሸከማል።

የሥራ ክፍፍሉ ተገለባብጧል

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። መርሳት የተጎዳው ሰው መብት ነው። ማስታወስ ደግሞ የተቀረነው ሥራ ነው። የእኛ ችግር ሥራውን አገለባብጠን መያዛችን ነው። መዝጋቢው አይመዘግብም፣ ፍርድ ቤቱ አይጠይቅም፣ ጋዜጣው አልፎት ሄዷል፤ ስለዚህ የሟቹን ስም፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተኳሹን መልክ ሳይቀር ይዛ እንድትኖር የተፈረደባት ያቺ የቡሬ እናት ናት። እሷ ከረሳችው ጠፋ! እንዲህ ያለ ሸክም የያዘ ሰው እንዴት ፍሬን ይረግጣል? መርሳት ለእሷ እንደ ክህደት ነው የሚሰማት።

«ይሄማ ለገዳይ የሚመች ፍልስፍና ነው፤ ተጎጂው ከረሳ ማን ይከሳል?» የሚል ተቃውሞ ይመጣብኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሴ ግን፣ ለገዳይ የሚመቸው ማስታወስ በተጎጂው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ መቅረቱ ነው። ሰው ያረጃል፣ ይፈራል፣ ይሞታል። ገዳይ መጠበቅ ብቻ ነው ያለበት። ስምና ቀን በመዝገብ ላይ ከሰፈረ ግን እናትየዋ ብትረሳም፣ ብትሞትም መዝገቡ አለ። መዝገብ አይቃዥም፣ ሌሊት ላብ አያጠምቀውም። ማስታወስ የማያሳምመው አካል እያለ ለምን የሚያሳምመው ይሸከም?

የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። እውነት ማፈላለግም አንዱ ክፍሉ ነው። ፖሊሲው ወረቀት ላይ ከመቅረት ካለፈ አንድ ቀን ፍኖተ ሰላም ላይ አዳራሽ ተዘጋጅቶ «ያያችሁትን ተናገሩ» ይባል ይሆናል። ያ ቀን ከመጣ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅመናል። በደቡብ አፍሪካ የእውነትና እርቅ ኮሚሽን ፊት የመሰከሩና ያልመሰከሩ ተጎጂዎች በአእምሮ ጤናቸው ጉልህ ልዩነት እንዳልነበራቸው እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ጥናት አሳይቷል። መመስከር ለሀገር የሚደረግ ውለታ እንጂ ለመስካሪው የሚሰጥ መድኃኒት አይደለም። ስለዚህ ይመሰገናል፣ ይጠበቃል፣ ይደገፋል፤ «ለራስህ ጤና ነው» እየተባለ አይገፋም። አልናገርም ያለም አልተናገረም ተብሎ ጉዳቱ አይሰረዝም።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?

«ሰላም አምጡ» ብላችሁ ለባለሥልጣንና ለታጣቂ የምትጮሁትን ጩኸት ቀጥሉበት። እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ለእኛ ነው፤ ስልክ በእጃችን ላለ።

አንደኛ፣ ቪዲዮውን አትላኩ። አስከሬን የተደረደረበትን ምስል «ዓለም ይወቅልን» ብለን ስናሰራጭ፣ ኢንተርኔት ሲመለስ መጀመሪያ የሚደርሰው የሟቹ እህት ስልክ ላይ ነው። እሷ ሌሊቱን ሙሉ ስታባርረው ያደረችውን ምስል እኛ ጠዋት በቴሌግራም እንልክላታለን። ማስረጃ ከሆነ ማስረጃ ለሚሰበስብ አካል ይድረስ፤ መንደሩ ግን አይቶታል፤ ደግሞ ማሳየት አያስፈልገውም።

ሁለተኛ፣ ስንደውል መርማሪ ፖሊስ አንሁን። «ምን አየሽ? ስንት ሰው ሞተ?» ከማለት «ዝናቡ እንዴት ነው? በርበሬው ደረሰ? ላሟ ወለደች?» ብሎ መጀመር ይሻላል። ይህ ወሬ ማሳመር አይምሰላችሁ፤ ለቅሶ ቤት ጥግ ላይ ካርታ እንደሚጫወቱት ሰዎች መሆን ነው። ሰውየው ራሱ ከከፈተው ግን «ተወው፣ አታስበው» ብላችሁ አትዝጉበት። ካርዳችሁ እስኪያልቅ ስሙት። መክፈቻው በእሱ እጅ ይሁን፣ መዝጊያውም።

ሦስተኛ፣ ለቅሶ ድረሱ። «አሁንማ ሁለት ዓመት አለፈው፣ ምን ብዬ እሄዳለሁ?» አትበሉ። ከውጭ ሀገር ከአሥር ዓመት በኋላ የመጣ ሰው ደጃፍ ላይ ሲደርስ አዲስ ለቅሶ የሚነሳበት ሀገር ልጆች ነን፤ በእኛ ዘንድ ለቅሶ የሚያረጅበት ቀን የለውም። መንገዱ ሲከፈት ሂዱ፣ ካልተከፈተ አዲስ አበባ ላይ ለሟቾቹ ጸሎት አስደርጉ፣ ንፍሮ ቀቅላችሁ ተቀመጡ። እርም ሳይወጣ መርሳት አይመጣም።

አራተኛ፣ ጻፉ። የሟቹን ስም፣ ዕድሜ፣ ቀኑን፣ ቦታውን። ቤተሰቡን አስፈቅዳችሁ፣ ማንንም አደጋ ላይ በማይጥል መንገድ፣ በደብተርም ቢሆን። የትኛው ወገን ገደለው ብላችሁ ሳትመርጡ ጻፉ። በየእድሩ መዝገብ አለ፣ በየአጥቢያው ካህን አለ፤ ለዚህ የሚሆን ልምድ አጥተን አይደለም።

አምስተኛ፣ ፍሬኑ የተበጠሰበትን ሰው ለዩ። ወሩ አልፎ ሌሊቱን የሚጮህ፣ በድምፅ ሁሉ የሚደነግጥ፣ ማሳው አጠገብ መድረስ ያቃተው፣ ከአረቄ በቀር እንቅልፍ ያጣ ሰው «ቻለው» ቢባል አይችለውም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ጠበል ይሂድ፣ መልካም ነው፤ ሐኪምም ይየው። ሕክምናው ደግሞ አለ። አማኑኤል ብቻ ነው የሚታከመው የሚለው ወሬ ያለፈበት ነው፤ በክልል ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ባለሙያዎች ተመድበዋል። ሐኪም ፊት ሄዶ፣ በራስ ፈቃድ፣ ደረጃ በደረጃ ትዝታውን መጋፈጥ ቀን ባልተቆረጠለት ዝምታም በግዳጅ ኑዛዜም አይተካም።

የወዳጄ እናት አሁንም «ደህና ነን» ነው የምትለው። ልጇም መጠየቁን ትቶ ስለ በቆሎው ዋጋ ያወራታል። አንድ ቀን ሳታስበው የጎረቤቷን ልጅ ስም ጠርታ «ያ ልጅ እኮ...» ብላ ጀመረች፤ ግማሹን ነግራው በመካከል «በል ተወው፣ ሌላ ጊዜ» አለችው። ተወው። ስሙንና ቀኑን ግን እሱ ደብተሩ ላይ ጻፈ። እንግዲህ ያ ስም ከእሷ ጭንቅላት ሌላ የሚኖርበት ቤት አገኘ ማለት ነው።

ተረቱን የማስተካከል ሥልጣን የለኝም። ግን እንዲህ ሆኖ ማየትን እመኛለሁ፤ የወጋ እንዳይረሳ መዝገብ ይያዝበት፣ የተወጋ ደግሞ ሲፈልግ ይርሳ።

ቸር እንሰንብት!